ሥርህን ካገኘህ ፎቶዋን ላክልን

ዛሬ ከአንድ ወገን ሰዎች ጋር ልንጣላ ነውና አስቀድመን እንማማል። ፎቶ አንሺ አንጠላም። ዲያስፖራም አንጠላም፤ ከመካከላችን እህት፣ አጎት ወይም የልብ ጓደኛ ባሕር ማዶ የሌለው የለም። ሰው ወደ ተነሣበት ቀዬ ተመልሶ ‹‹እኔ ማን ነኝ?›› ብሎ መጠየቁንም አንነቅፍም። እኛ እዚሁ ተወልደን እዚሁ አድገን የምንጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ከፒያሳ ወጥተን ለማናውቀውም አልተመለሰልንም።

የምንጣላው ጥያቄውን በሌላ ሰው ፊት ላይ ጠይቀው፣ መልሱን ይዘው ከሚሄዱት ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ አንሺዎች ‹‹የግል ሥራ›› የሚሏት ነገር አለች። ሰርግ፣ ማስታወቂያ፣ የሬስቶራንት ሜኑ ማንሳት እንጀራ ነው። ማንም ሳያዝህ፣ ማንም ሳይከፍልህ፣ ለራስህ ብለህ የምታነሳው ደግሞ የግል ሥራ ይባላል። ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን ላይ የሰው ሰርግ ሲያነሳ የከረመ የእኛ ልጅ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ይሰለቸዋል። ትኬት ይቆርጣል። ወደ ሰሜን ይወጣል። ላሊበላ ብዙ ሰው ቀድሞታል፣ ጎንደርም ቀድሞታል። ያልተነካ ነገር ያማረው ደብረ ታቦር ይደርሳል።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ ለካሜራ አይነፍግም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ይቆማል። ጥር 25 የመርቆሬዎስ ዕለት ደብረ ታቦር ላይ ፈረሰኞች ሲጋልቡ አቧራው፣ ነጩ ልብስ፣ የፈረሱ ጌጥ… እንኳን ውድ ካሜራ የያዘ፣ ስልኩ የተሰነጠቀበትም ሰው ጥሩ ፎቶ ይዞ ይወጣል። በነሐሴ ቡሄ አለ፤ ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉ። እኛም ሄደን አንስተናል፤ አንዋሽም።

አሁን ወደ ጠቡ።

ከእኛ የአንዳችን አያት የፋርጣ ሰው ነበረች፤ ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ በእግር የሚያስኬድ ቦታ። (አንቱ እያልን ብንጽፍ ደስ ባላት፤ ግን በሕይወቷ አንቺ ስንላት ኖረን አሁን አንቱ ብንላት ማን እንደሆንን አታውቅም።) የዛሬ ጥቂት ዓመት በመርቆሬዎስ ማግስት አንድ ፎቶ አንሺ ቤቷ መጣ። ልጅነቱን እዚህ፣ ዕድሜውን እዚያ ያሳለፈ፣ አማርኛው ያልጠፋ፣ ጫማውን ደጅ ላይ የሚያወልቅ ጨዋ ልጅ። ስሙን አንጠራም። ያመጣው የሰፈር ጎረምሳ ‹‹ሥሩን እየፈለገ ነው›› ብሎ አስተዋወቀው። አያታችን ሥር ሲባል የመድኃኒት መስሏት ‹‹ውይ! ምኑን አሞት?›› አለች ይባላል። (ይቺን የጨመረችው ትልቋ አክስታችን ሳትሆን አትቀርም።)

ከዚያ አገሬው እንግዳን የሚጠይቀውን ጠየቀችው።

‹‹የማነህ ልጄ?››

‹‹ከቶሮንቶ ነኝ እማማ።››

እዚህች ላይ ቆም እንበል። ‹‹የማነህ?›› ማለት ከየት መጣህ ማለት አይደለም። አባትህ ማን ይባላል፣ አያትህስ፣ በእናትህ በኩል የየትኛው ደብር ሰው ነህ ማለት ነው። በዚያ አገር ዘር መቁጠር ጨዋታ አልነበረም። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው በእሱ ነበር፤ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም በኩል ቆጥሮ ‹‹የእገሌ ልጅ ነኝ›› ብሎ ማስረዳት የቻለ መሬት ይጠይቃል፣ ያልቻለ አፉን ይይዛል። ጋብቻም እንደዚያው ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። አያታችን ማንበብ አትችልም ነበር፤ የሰው ዘር ግን ቁጭ ብላ እስከ ላይ ታወርድልሃለች። ያ ልጅ የአያቱን ስም ቢጠራላት ኖሮ ምናልባት እስከ ማታ ዘመድ ታገኝለት ነበር። ዘመድ ባታገኝለት እንኳ የሚያውቅ ሰው ጋ ትልከው ነበር። ሥሩን ሊፈልግ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ሥሩን የጠየቀችውን ሴት በከተማ ስም መልሶላት አለፈ።

ቡናው ፈላ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ካሜራው ወጣ። መጀመሪያ ሹራቧን ብታወልቀው ተባለች፤ ጋቢው ብቻ ይሻላል። ከዚያ ከረከቦቱ አጠገብ የነበረው ፔርሙስ ተነሣ። ከዚያ ቢጫው ጀሪካን ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለው የታናሿ አክስታችን ፎቶ ወረደ። ባዶ ግድግዳ፣ ነጭ ልብስ፣ ጭስ፣ አሮጊት። ሥር ተገኘ!

ፔርሙሱ ግን ከቤሩት የመጣ ነበር። ታናሿ አክስታችን ናት የላከችው። ከሰው ቤት ሠርታ፣ ከደሞዟ ቆጥባ፣ ወደ አገር በምትገባ ልጅ ሻንጣ አስይዛ። ፎቶዋም ከዚያው የመጣ ነው፤ በአሠሪዎቿ በረንዳ ላይ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ከኋላዋ ባሕር እየታየ። ቤቷ ውስጥ ስደትና አገር ተፋጠው የተቀመጡበት አንድ ማዕዘን ቢኖር ያ ማዕዘን ነበር። ከስደት የመጣው ፎቶ አንሺ ሥዕሉ እንዲያምርለት መጀመሪያ ያወረደው የስደተኛዋን ፎቶ ነው። ይህን ስንጽፍ ደማችን ይፈላል፤ አንባቢ ይታገሰን።

ሲሄድ ‹‹እልክልዎታለሁ እማማ›› አላት። እሷም ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ እግርህን ጠጠር አይንካው›› ብላ መረቀችው። ግድግዳው ላይ ከልጇ ፎቶ ጎን ምስማር አስመታች። የእሷ ፎቶ ሲመጣ ከልጇ ጎን እንዲሰቀል።

አልመጣም።

ፎቶውን ያገኘነው እኛ ነን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኢንተርኔት። አንድ የውጭ ከተማ ጋለሪ ውስጥ ተሰቅላለች። ርእሱ ‹‹የደጋዋ እናት›› ይላል። ስሟ የለም፤ መንደሯ የለም። በአሥር ቅጂ ብቻ የታተመ መሆኑ ግን ተጽፏል፣ ዋጋውም ‹‹በጥያቄ›› ይነገራል። ጽፈንለት ነበር። ለመጀመሪያው መልእክት ልብ የምትመስል ነገር ላከልን። ለሁለተኛው ፋይሉ በውል የታሰረ ስለሆነ ለጊዜው ማጋራት እንደማይችል አስረዳን። ሦስተኛውን አላነበበውም፤ ወይም አንብቦ ዝም አለ።

ከዚያ አያታችን ሞተች።

በእኛ አገር ልቅሶ ላይ ፎቶ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጅም ቢሆን መንገር አያስፈልግም። የሟች ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ወደ አደባባይ ይወጣል፣ አልቃሽ እሱን ይዛ ታነሣለች፣ እህት እሱን አቅፋ ትዞራለች። ፎቶ ከሌለ ለቅሶው የሚይዘው ያጣል። ሰው ይሯሯጣል። እኛም ተሯሯጥን። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ናት። ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ተወስዳ ተነፋች። ባለሙያው የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ነገር ግን የማኅተሙ ግማሽ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ አያታችን የተለቀሰችው የቀበሌ ማኅተም ታቅፋ ነው። በዚያው ሰዓት የእሷ ፊት ጥርት ብሎ፣ የእጇ ጅማት ሳይቀር እየታየ፣ ስሟን የማያውቅ ሰው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

‹‹አንድ ያልተላከ ፎቶ ምን ያህል ነው? ስንት ጉድ እያለ!›› የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንግዲያው ትልቁን ጉድ እንንገራችሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ፎቶው ባሕር ማዶ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። (ከዚህ በታች ‹‹ዓ.ም.›› ያላልንበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተወለደው በ1861 ደብረ ታቦር ነው። አባቱ ከተማዋን መናገሻው አድርጓት ነበር፤ እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጦ ሴባስቶፖልን አሠራ፣ በ1867 ከተማዋን አቃጥሎ መድፉን ወደ መቅደላ እያስጎተተ ሄደ። በሚያዝያ 1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ሲገባ ከዝሆኑና ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር፤ የመሐንዲሱ ክፍል የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። የሰባት ዓመቱን ልጅ ይዘው ወረዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መንገድ ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት አይል ኦፍ ዋይት በሚባለው የእንግሊዝ ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል የዘመኑ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ልጁን የአገሩን ልብስ አልብሳ አነሳችው። ያንን ፎቶ አይታችሁ የማታውቁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ዓይኑን እንደገና ለመርሳት ጊዜ ይወስድባችኋል።

ልጁ በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ የሌሎችን ዕረፍት ሳንረብሽ ማውጣት አንችልም የሚል ነበር። በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ‹‹መቅደላ 1868›› ብሎ ትንሽ ኤግዚቢሽን ሲከፍት፣ የተዘረፉትን ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ ልንሰጥ እንችላለን አለ። በውሰት! የራስህን ዕቃ ተበድረህ።

ይህን ሁሉ የምታውቁት ነው። ያላስተዋላችሁት አንድ ነገር ይኖራል ብለን ነው የምንነግራችሁ። ካሜሮን ከፎቶዎቹ በአንዱ ስር ስሙን ጽፋለች። ‹‹ደጃች ዓለማየሁ››። ከጎኑ ያለውን እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲን እንኳ እኛ ባወጣንለት ስም ‹‹ባሻ ፈለቀ›› ብላ ነው የጻፈችው። ልጁን ከምርኮ ያገኘችው፣ አማርኛ የማታውቅ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረች ፈረንጅ የልጁን ስም ጠይቃ ጻፈች። አማርኛ የሚናገረው፣ እማማ የሚለው፣ ቡናዋን የጠጣው የእኛ ልጅ ግን ‹‹የደጋዋ እናት›› ብሎ አለፈ። ንጉሥ ስለወለደው ስሙ ተጻፈለት የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ጠባችንም እሱ ላይ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ረቂቅ አንብበው ‹‹ታዲያ ምን ያድርግ? አርቲስት እኮ ነው፤ የግል ሥራው ነው›› አሉን። ራስህን በመስታወት ብታነሳ የግል ሥራህ ነው። ሌላ ሰው ፍሬሙ ውስጥ ከገባ ግን ሥራው የሁለት ሰው ነው። ይህንን እኛ አልፈጠርነውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይሰቀል፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዎ፣ አንቀጽ 28 ለታዋቂ ሰው፣ ለሕዝብ ሥራ፣ ለትምህርትና ለባህል ጥቅም፣ በአደባባይ ለሆነ ነገርም ልዩነት ያደርጋል። የመርቆሬዎስ ፈረሰኛ በዚያ በኩል ይውጣ እንበል። ጓዳዋ ውስጥ ሹራቧን አውልቃ የተቀመጠች አሮጊት አደባባይ ናት? ‹‹አንሳኝ›› ማለቷስ ‹‹ሽጠኝ›› ማለቷ ነው? ፍርድ ቤት እንሂድ እያልን አይደለም። ሕግ አውጪው ከስድሳ ዓመት በፊት የገባው ነገር የዛሬ አርቲስት እንዴት አይገባውም እያልን ነው።

ደግሞ ‹‹ሁሉም እንዲህ ነው›› ብለን ብንደመድም ውሸታም እንሆናለን። ተሰድዶ ተመልሶ ሌላ ነገር የሠራ ሰው አለ፤ አይዳ ሙሉነህን ውሰዱ። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች፤ ገና በልጅነቷ ወጥታ በየመን፣ በቆጵሮስ፣ በካናዳ አደገች። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ አነሳች። በ2007 ተመለሰች። ያኔ አሥር ቀን ቆይታ ጥቂት አሮጊት አንስታ መሄድ ትችል ነበር፤ ማን ይከለክላታል? እሷ ግን ተቀምጣ ወጣቶች ማሠልጠን ጀመረች፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን አቋቋመች፤ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ፎቶ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ የእኛ ልጆች ሥራ ከጎኑ ተሰቀለ። ከመካከላችን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እዚያ ነው።

የግል ሥራዋንም ተመልከቱ። ‹‹ዓለም ዘጠኝ ናት›› የሚለውን የአያቷን አባባል ይዛ በ2016 አንድ ሙሉ ተከታታይ ሥራ አቀረበች። (የእሷም አያት አላት፤ ልብ በሉ።) ፊታቸው ነጭና ሰማያዊ የተቀባ፣ ቀይ የለበሱ ሴቶች። አገር ቤት ብዙ ሰው ‹‹ይሄ ደግሞ የየትኛው ብሔረሰብ ባህል ነው?›› ብሎ ተሳልቋል፤ እኛም መጀመሪያ ስናየው ግር ብሎን ነበር። አሁን ስናስበው ግን ሐቀኛው እሱ ነው። ቀለሙ ቀለም መሆኑን አይደብቅም፣ ተቀቢዋም ሞዴል መሆኗን ታውቃለች፣ የማንም አያት ተታልላ ሹራቧን አላወለቀችም። ሥሬ ይህን ይመስላል ብላ ከራሷ ጭንቅላት አወጣችው፤ ከሰው ጓዳ አላነሳችውም። በ2018 ለዋተርኤድ ዳሎል ድረስ ወርዳ የውኃ ችግርን ስታነሳም እንኳ የለመድናትን እጇን የዘረጋች እናት አላመጣችልንም።

እንግዲህ ቅሬታ ካነሳን አይቀር፣ በእሷም ላይ አንድ አለን። ፌስቲቫሉ ስሙም አዲስ፣ ቦታውም አዲስ አበባ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ካሜራ ያማረው ልጅ የአገሩን ፎቶ ተሰቅሎ ለማየት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአውቶብስ መምጣት ነበረበት። ይህ የአንድ ሴት ዕዳ አይደለም፤ ግን ዕዳው የማንም ሳይሆን ቀረ።

‹‹ማግኘት›› የምትባለዋ ቃልም ትቆጠቁጠናለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋይንት ገብቶ ቤተልሔምን ‹‹አገኘ››፤ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉም ጻፈው። ከውጭ ሲያዩት የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ነው፣ ውስጡ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። እሱ ሳያገኘው በፊት ከየአገሩ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ድጓ ሊያስመሰክር እዚያ ሲመጣ ነው የኖረው። ለፈረንጁ እንፍረድለት፤ የመጣው ከሩቅ ነው፣ አላወቀም። የእኛው ልጅ ፋርጣ ገብቶ አያታችንን ‹‹ሲያገኛት›› ግን ምን እንበለው? ጠፍታ ነበር እንዴ?

የቆሎ ተማሪን ካነሳን፣ ስደት በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ፣ ቅኔ ጎጃም፣ ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት ዙር አምባ እያለ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይንከራተታል። ሲመለስ ግን ‹‹ራሴን አገኘሁ›› አይልም። ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። የተመለሰ ሰው የሚለየው ምን ይዞ ተቀመጠ በሚለው ነው።

ወደ ፎቶ ቤቱ እንመለስ። የአያታችንን ጉርድ ፎቶ የነፋልን ሰውዬ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ነገር አሳየን። ከመጋረጃው ኋላ (ያው ፏፏቴና የቆመች መኪና የተሳለበት መጋረጃ) ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ኔጌቲቭ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው አለን። ዘማች ከመዝመቱ በፊት፣ ሙሽራ ከሚዜዋ ጋር፣ ተማሪ ከምስክር ወረቀቱ ጋር፣ እናት ከአዲስ ልጇ ጋር። ሁሉም በራሳቸው እግር መጥተው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የፈለጉትን ለብሰው፣ ከፍለው የተነሱት። ማንም ሹራብ አላስወለቃቸውም። እንዲያውም ሹራብና ሰዓት ለተነሺ የሚያከራይ እሱ ነበር! አሁን ዲጂታል መጥቶ ኔጌቲቭ የሚያጥብ የለም፤ ዝናብ በቆርቆሮው ይገባል፣ አይጥ አለ። ‹‹ልጥለው እልና እጄ እምቢ ይለኛል›› አለን።

ሥር የሚፈልግ ሰው ይኸው። ሁለት ማዳበሪያ ሥር አለ። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቷል እኮ፤ ቪንቴጅ አዲስ አበባ ብለው ከተራ ሰው አልበም ፎቶ እየሰበሰቡ ከየባለቤቶቹ ታሪክ ጋር በ2018 በመጽሐፍ ያወጡት ወጣቶች ናቸው። መዓዛ መንግሥቴ፣ በአራት ዓመቷ ከአገር የወጣች ደራሲ፣ የጣልያን ወታደሮች በ1935 እና 1941 መካከል ያነሱትን የእኛን ሰው ፎቶ ስትሰበስብ ኖራ ‹‹ፕሮጀክት 3541›› ብላ ማኅደር ከፈተችለት። የወራሪ ካሜራ ያነሳውን ሳይቀር ሰብስቦ ‹‹እነዚህ እነማን ናቸው?›› ብሎ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። የወዳጅ ካሜራማ እንዴት ያቅታል?

እዚህ ላይ ራሳችንን እናርም። ስም ሁልጊዜ ይጻፍ አንልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀናት ስለተደፈሩ ሴቶች አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2021 ሲያወጣ ያነጋገራቸው 16 ሴቶች ነበሩ። የእነሱ ስምና ፊት መደበቁ ትክክል ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ግጭት ውስጥ ሲገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ አንድ ፎቶ ሰውን ችግር ላይ የሚጥልበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ጠይቁ ነው የምንለው። ይጻፍ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይታይ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ያቺን አሮጊት ማንም አልጠየቃትም፤ ብትጠየቅ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ‹‹በእናቴ ደግሞ›› ብላ ጨምራ ነበር የምታስጽፈው።

የሚያናድደን ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ እንናዘዝ። ፎቶው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ተጠግተን ስናየው እጇ ላይ፣ በልጅነታችን ስትዳብሰን የምናውቃት ያቺ የተቃጠለች ጠባሳዋ ትታያለች። ዓይኗ ውስጥ ያቺ ልትስቅ ስትል የምትይዛት ነገር አለች። ፔርሙሱ ባይኖርም፣ ሹራቧ ባይኖርም፣ እሷ አለች። እንዲህ አድርጎ ያነሳት ሰው አላየኋትም ሊለን አይችልም፤ አይቷታል። አይቶ ነው የሄደው። መጥፎ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን።

ታናሿ አክስታችንም አይታዋለች፤ ከኢንተርኔቱ ስክሪን ላይ ቀድተን ላክንላት። እሷ አሁንም ቤሩት ናት። በ2020 ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ ተናግቶ አሠሪዎች የእኛን ሴቶች ቆንስላው ደጃፍ አምጥተው ሲጥሉ፣ በነሐሴ መጀመሪያም ወደቡ ሲፈነዳ፣ በየቀኑ አንድ ፎቶ ትልክ ነበር። የራሷን ፊት፣ የምትበላውን፣ የተሰበረውን መስኮት፣ እንደገና የራሷን ፊት። ከሥሩ ‹‹ለእማዬ አሳዩልኝ››። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ይዞ እየሄደ ለአያታችን ያሳያት ነበር። ማንም ጋለሪ ያልሰቀለው፣ ማንም የግል ሥራ ያላለው። ስለ ስደተኛ ፎቶ አንሺና ስለ ሥሩ የሚጠይቀን ካለ እኛ የምናውቃት ፎቶ አንሺ እሷ ናት። የእናቷን ፎቶ ስታይ የጻፈችልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹የእኔ ፎቶ የት ሄደ? እዚያ ግድግዳ ላይ አልነበርኩም?››

ምን እንደምንመልስላት አላወቅንም።

ስለዚህ ወንድማችን፣ ይህን ታነብ እንደሆነ (አማርኛህ እንዳልጠፋ እናውቃለን)፣ ኤግዚቢሽኑን ዝጋ አላልንህም፤ ገንዘብም አልጠየቅንህም። ከአሥሩ ቅጂ አንዱን አውጣ። ሠላሳ በአርባ ይበቃል፤ መስታወትና ፍሬሙን ደብረ ታቦር እናሠራዋለን። ጀርባው ላይ ስሟን ጻፍ፤ ካላወቅኸው አሁን እንነግርሃለን፣ በእናቷም በኩል። ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስይዘው፤ ከዚህ ወዲያ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ሾፌር ይወስደዋል። ትልቋ አክስታችን መናኸሪያው ድረስ ወጥታ ትቀበላለች። ምስማሩ ከተመታበት አልተነቀለም።